ያውቁ ኖሯል? የቆሰለ ብርቱካን በጨለማ ያበራል

ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት የእስራኤሏ ከተማ ናታኒያ እ.ኤ.አ. በ1929 ስትቆረቆር፣ የቀደምት ነዋሪዎቿ ተስፋ የብርቱካን እርሻ ነበር።

ብርቱካን ግን ሕመሙን ይደብቃል። ላዩ ወርቅ መስሎ ሳለ መበስበስ የጀመረ አንድ ፍሬ ካርቶን ውስጥ ከገባ፣ የአረንጓዴ ሻጋታው ብናኝ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያለብሳል። ስለዚህም በልዩ ልዩ አገሮች ማሸጊያ ቤቶች ፍሬው በጨለማ ክፍል፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያልፋል። ልጣጩ ሲቆስል ወይም ሲበሰብስ ከዘይት ከረጢቶቹ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ለዓይን የማይታየውን ጨረር ውጠው ቢጫማ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል። ጤነኛው ልጣጭ ጠቆር ብሎ ያልፋል፣ ቁስሉ ቦግ ይላል። ሠራተኛ በዓይኑ አይቶ ይለቅመው የነበረውን ዛሬ ካሜራም ይለየዋል።

ጎመንም የራሱ ምስክር አለው። በቅጠሉ ያለው አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ጥቂቱን በቀይ ይመልሳል፤ ሳይንቲስቱ ሃንስ ካውትስኪ የዚህን ቀይ ብርሃን መለዋወጥ እ.ኤ.አ. በ1931 አሳይቷል። ቅጠሉ ሲወይብ ቀዩም አብሮ ይለወጣል።

የብር ኖት መፈተሻ መብራት ካለዎት፣ ማታ ክፍሉን አጨልመው ከገበያ የገዙትን ብርቱካን ይዩበት። ከተጫረው ጎኑ ይጀምሩ፤ ዓይን ላይ ግን አያብሩት።