የሁዳዴ ምሽቶችና ሦስት ፊልሞች

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር በየቤታችን አስቀድሞ የሚለወጠው ገበታው ነው። ቅቤው ይነሣል፤ ወተቱ ይቀራል፤ ሽሮውና ምስሩ ቦታውን ይይዛሉ። ሳይለወጥ የሚቀረው ግን ምሽቱ ነው። ቀኑን በጾም ያሳለፈ ሰው ማታ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ ሲመለከት ያመሻል። አባቶች ግን ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንና የጆሮም ጭምር እንደሆነ ያስተምራሉ። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ለሚያመሹባቸው ጥቂት ቀናት እንዲሆኑ ሦስት ፊልሞችን ከጾሙ ሳምንታት ጋር አዛምደን አቅርበናል። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችንም ቢመለከቷቸው የሚያተርፉት እንጂ የሚያጡት ነገር የለም።

ለመፃጉዕ ሳምንት

የጾሙ አራተኛ እሑድ የተሰየመው 38 ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር በተኛው ሰው ነው። የዚያ ሰው ትልቁ ሕመም ደዌው ብቻ አልነበረም፤ የሚያነሣው ሰው ማጣቱም ነበር። ለዚህ ሳምንት የመረጥነው ሜል ጊብሰን አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበውን «ሃክሶው ሪጅ» ነው። ታሪኩ በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው።

ዴዝሞንድ ዶስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሕክምና ረዳትነት ያገለገለ ተራ ወታደር ነበር። በአድቬንቲስት እምነቱ ምክንያት ጠመንጃ አልይዝም አለ። ይህ ለእኛ ለወታደሮች ጆሮ እንግዳ ነገር ነው። ለጓዶቹም እንግዳ ሆነባቸውና ፈሪ ብለው አላገጡበት፤ አለቆቹም ከጦሩ ሊያስወጡት ሞከሩ። ዶስ ግን ከጠመንጃው እንጂ ከግዳጁ አልሸሸም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 በኦኪናዋ ደሴት ጦሩ ከገደሉ አናት ሲያፈገፍግ እርሱ ከቁስለኞቹ ጋር ቀረ። አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ ገደሉ አፋፍ ካመጣቸው በኋላ በገመድ እያሰረ አወረዳቸው። ቁጥራቸውን እርሱ 50 ያህል ሲል ሌሎች 100 ነው አሉ፤ በመጨረሻም 75 ተብሎ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 1945 ፕሬዚዳንት ትሩማን የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ሸለሙት።

በፊልሙ ውስጥ ከጦርነቱ ትዕይንት ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ካፒቴኑ ወደ ተራው ወታደር መጥቶ ስለ አንተ የነበረኝ ግምት ፈጽሞ የተሳሳተ ነበር ብሎ ይቅርታ የሚለምንበት ክፍል ነው። ይህን ስመለከት የአካዳሚ ዘመኔ ትዝ አለኝ። አብሮን ይተኛ የነበረ አንድ ዕጩ መኮንን ማታ ማታ ተንበርክኮ ሲጸልይ እኔም ከሌሎቹ ጋር ሆኜ እስቅበት ነበር። በአንድ የሌሊት ጉዞ ልምምድ እግሬ ወለም ብሎኝ ወደ ኋላ ስቀር፣ ጓዜን ከራሱ ጓዝ ላይ ደርቦ፣ በትከሻው ደግፎ ሰፈር ያደረሰኝ ያው ሰው ነበር። በወቅቱ አመሰገንሁት እንጂ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ዛሬ በሌላ ምድብ ይገኛል፤ ዕዳዬ ግን አሁንም አልተከፈለም።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ፊልሙ ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች ሊያዩት አይገባም። ከውጊያ የተመለሰ ወንድምም የሚያየው ነገር ከከበደው ቢዘጋው ነውር የለበትም፤ ሚስቱም ለምን ብላ አትጠይቀው፤ አጠገቡ ትቀመጥ።

ለገብር ኄር ሳምንት

በስድስተኛው እሑድ የሚታሰበው የተሰጠውን መክሊት በመሬት ሳይቀብር ነግዶ ያተረፈው ታማኝ አገልጋይ ነው። ለዚህ ሳምንት የምናቀርበው «የባቤት ግብዣ» የተባለውን የዴንማርክ ፊልም ነው። ጋብሪኤል አክሴል ከካረን ብሊክሰን ታሪክ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1987 ያዘጋጀው ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በሁዳዴ ስለ ግብዣ የሚያወሳ ፊልም መምረጣችን ቀልድ ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከምግቡ በላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1871 ከፓሪስ እልቂት ያመለጠች ባቤት የተባለች ሴት በባሕር ዳር መንደር የሚኖሩ ሁለት እኅትማማች ዘንድ ተጠግታ 14 ዓመት ታበስላለች። እኅትማማቾቹ የሟቹ የመንደሩ ቄስ ልጆች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ምእመናን በጸሎት ይሰበሰባሉ፤ ነገር ግን የቆየ ቂም አለያይቷቸዋል። ባቤት በሎተሪ 10,000 ፍራንክ ሲደርሳት የቄሱን መቶኛ የልደት ዓመት ምክንያት በማድረግ አንድ ራት ልታዘጋጅ ትለምናለች። በዚያ ገበታ ላይ አሮጌው ቂም ይሟሟል፤ አንዱ ሌላውን ያታለለበት የእንጨት ንግድ እንኳ በሳቅ ይታለፋል። ባቤት ገንዘቧን እስከ መጨረሻዋ ፍራንክ ለዚያች ማታ እንዳዋለችው የሚታወቀው ከራቱ በኋላ ነው።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ጄኔራል አለ። በወጣትነቱ ከእኅትማማቾቹ አንዷን ወዶ ሳለ ማዕረጉን መርጦ የሄደ መኮንን ነው። በስተርጅና ደረቱ በኒሻን አጊጦ በመስተዋት ፊት ቆሞ ምርጫዬ ትክክል ነበርን ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ሲሰናበትም በየቀኑ በመንፈሱ ከእርሷ ጋር እንደ ነበረ ይነግራታል። ባሏ ለወራት በግዳጅ ላይ የሚቆይባት እኅት ይህን ቃል በሚገባ ትረዳዋለች። ባልም በበኩሉ በምድጃ ሥር ሲደክም ዓመታት ያለፈውን እጅ መቼ እንዳመሰገነ ራሱን ይጠይቅ።

ሕማማት ከመግባቱ አስቀድሞ

ሦስተኛው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ እ.ኤ.አ. በ1964 ያዘጋጀው «የማቴዎስ ወንጌል» ነው። አዘጋጁ ማርክሳዊ ነበር፤ ፊልሙን ግን ለጳጳስ ዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ከሙዚቃው መካከል በኮንጎ ሕዝብ ዜማ የተቀነባበረ ቅዳሴ ይሰማል። በመስቀሉ ሥር የምታለቅሰውን እናት የተጫወተችው የአዘጋጁ የገዛ እናት ስትሆን፣ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1945 ሌላ ልጇን በጦርነቱ ዘመን አጥታ ነበር። ያ ልቅሶ ከየት እንደ መጣ የወታደር እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ፊልሞቹ በባዕድ ቋንቋ የተሠሩ ስለሆኑ ንባቡን የሚችል ላልቻለው እያቆመ ያስረዳ። ሲያበቃም ወዲያው ወደ መኝታ አይኬድ፤ ሻይ ተፈልቶ ጥቂት ይወራ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ነገር ግን ለፊልም ሰው አልቅሶ የተጣሉትን ጎረቤት በማግሥቱ ሳይሰላምቱ ማለፍ ጾሙን ከገበታ አያሳልፈውም። በመጠመቂያው ዳር የተኛው ሰው በየሰፈራችን አለ። ከአጠገባችሁ የሚነሣበትን እጅ የሚጠብቅ ማን እንደሆነ ተያዩና ተነጋገሩ። እኔም ይህን ጽሑፍ እንደጨረስሁ የምጀምረው ደብዳቤ ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።