ኮከብን ተከታትሎ ፎቶግራፍ ማንሣት

ማኬሬሬ በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ከሚገኙት ኮረብታዎች አንዱ ነው። በኮረብታው ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1922 የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ በምሥራቅ አፍሪካ አንጋፋ ከሚባሉት የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች መካከል ይቆጠራል። ስለ ዩኒቨርሲቲው ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ የሚነሣው ጉዳይ ግን ከኮረብታው በላይ ያለው ሰማይ ነው።

ማኬሬሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን የሚርቀው የአንድ ዲግሪ ሢሶ ያህል ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ከዚያ ቆሞ ሌሊት ሰማዩን የሚመለከት ሰው፣ ከዋክብቱ በምሥራቅ በኩል ቀጥ ብለው ሲወጡና በምዕራብም ቀጥ ብለው ሲጠልቁ ያያል። በሚያዝያና በግንቦት፣ ደመና ካልጋረደው በቀር፣ በስተሰሜን ትልቁን ድብ፣ በስተደቡብ የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት ለመመልከት ይችላል። ይህን የመሰለ ዕድል በአውሮፓ ለሚኖር የሥነ ፈለክ ወዳጅ በአገሩ አይገጥመውም። ይሁን እንጂ ከዋክብትን በፎቶግራፍ ለማንሣት ለሚፈልግ ሰው ያው ዕድል አንድ ልዩ ችግር አስከትሎ ይመጣል። ችግሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የአነሣሡን ዘዴ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሩቅ የሰማይ አካላት የሚደርሰን ብርሃን እጅግ ደካማ ነው። የሰው ዓይን የተቀበለውን ብርሃን ሊያጠራቅም አይችልም፤ አንድን ደብዛዛ ነገር ለአንድ ሰዓት ቢመለከቱትም በመጀመሪያው ደቂቃ ከታየው የበለጠ አይታይም። ፊልምና በዛሬው ካሜራ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ግን ያጠራቅማሉ። ስለዚህ ካሜራው ለብዙ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ተከፍቶ መቆየት አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬት አትቆምም። በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ዞራ ከዋክብቱን ወደ ነበሩበት ቦታ ለመመለስ የሚፈጅባት ጊዜ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። አንድ ዲግሪ በ60 የቅስት ደቂቃ፣ አንዱ የቅስት ደቂቃ ደግሞ በ60 የቅስት ሰከንድ ይከፈላል። በዚህ መለኪያ መሠረት በሰማይ ወገብ ላይ ያለ ኮከብ በእያንዳንዱ ሰከንድ 15 የቅስት ሰከንድ ይጓዛል፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ለማቋረጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። በአንድ ሜትር የትኩረት ርቀት ባለው ቴሌስኮፕና በተለመደ ካሜራ ሲነሣ፣ ኮከቡ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 18 ያህል የካሜራውን ጥቃቅን ብርሃን ተቀባዮች አቋርጦ ያልፋል። ነጥብ መሆን የሚገባው ኮከብ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቴሌስኮፑን ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ በሆነ ዛቢያ ላይ ማቆምና ምድር በምትዞርበት ፍጥነት በተቃራኒው አቅጣጫ ማዞር ነው። ቀድሞ ይህን የሚሠራው እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ መዘውር ነበረ፤ በኋላ የኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ። ማሽኑ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር። ሆኖም ጥርሶቹ ፍጹም እኩል የሆኑ ማሽን እስካሁን አልተሠራም። 180 ጥርስ ባለው መዘውር፣ መዘውሩን የሚያዞረው ብሎን መሰል ዘንግ በየ8 ደቂቃው አንድ ጊዜ ይዞራል። በዘንጉ ላይ ያለች ጥቂት ጉድለት ቴሌስኮፑን አንዴ ታስቸኩለዋለች፣ አንዴ ታዘገየዋለች፤ ይህም በየ8 ደቂቃው ይደጋገማል። እንግዲህ ኮከቡን እየተመለከተ ስሕተቱን የሚያርም አንድ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ይህ ተቆጣጣሪ ሰው ነበረ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ አስደናቂ ነው። ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1857 በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱን ያላወቀው ይህ ልጅ፣ ገና በዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ተቀጠረ። በፎቶግራፍ ቤቱ ሰገነት ላይ በፀሐይ ብርሃን ምስል የሚያጐላ «ጁፒተር» የተባለ ትልቅ መሣሪያ ነበረ። የልጁ ሥራ ቀኑን ሙሉ መዘውሮቹን በእጁ እያዞረ መሣሪያው ከፀሐይ ፊት እንዳይለይ ማድረግ ነበረ። ከእርሱ በፊት የተቀጠሩት ልጆች ሙቀቱና መሰልቸቱ እያሸነፋቸው እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ እርሱ ግን ነቅቶ ቆመ። ካደገም በኋላ በካሊፎርኒያ በሊክ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ጣቢያ የሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ሥራ ነው። በብርድ ሌሊት ዓይኑን ከመሪው ቴሌስኮፕ ሳያነሣ፣ አንድን ኮከብ በመስቀለኛ ክሮች መካከል እየጠበቀ፣ ፍኖተ ሐሊብን ለሰዓታት ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ከዚህ ቀደም በፎቶግራፍ ያልተገኘውን፣ ማለትም አዲስ ጅራታም ኮከብ፣ በዚሁ ዘዴ አገኘ። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ አይዛክ ሮበርትስ የተባለው የዌልስ ተወላጅ ካሜራውን ለአራት ሰዓት ያህል ክፍት አድርጐ ባነሣው ፎቶግራፍ የአንድሮሜዳ ጠመዝማዛ ቅርጽ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ሲሲዲ የተባለ ሰሌዳ ፈለሰፉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህ ሰሌዳ የሰውን ዓይን ተክቶ ቴሌስኮፕ መምራት ጀመረ። የአሠራሩ መንገድ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ካሜራ መሪውን ኮከብ በየጥቂት ሰከንዱ ያነሣል፤ ኮምፒዩተር የኮከቡን መካከለኛ ነጥብ አስልቶ ቀድሞ ከነበረበት ምን ያህል እንደራቀ ያገኛል፤ ወዲያው ሞተሩ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ ትእዛዝ ይሰጣል። ማሽን እንደ ባርናርድ ብርድ አይሰማውም፤ አስተዋይነትም የለውም።

የአስተዋይነቱ ጉድለት በግልጽ የሚታየው አየሩ ሲናወጥ ነው። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት በላያችን ያለው አየር ስለሚናወጥ ነው። በቴሌስኮፕ ሲታይ ኮከቡ በቅጽበት አንድ ወይም ሁለት የቅስት ሰከንድ ያህል ዘልሎ ወዲያው ይመለሳል። ማሽኑ ግን ይህን እንደ እውነተኛ ስሕተት ቈጥሮ ያርመዋል፤ እርማቱ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ኮከቡ ወደ ቦታው ተመልሶ ስለሚጠብቀው፣ ስሕተት ያልነበረው ነገር ስሕተት ይሆናል። ሁኔታው መሪውን ግራና ቀኝ እያወናጨፈ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከሚንገዳገድ አዲስ ሹፌር ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የመሪውን ካሜራ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ክፍት ያደርጉታል፤ በዚህ ጊዜ የአየሩ ንውጽውጽታ እርስ በርሱ ይቻቻላል። ከዚህም ጋር ማሽኑ ከሚያየው ስሕተት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ እንዲያርም፣ በጣም ጥቃቅኑንም ጨርሶ እንዲተወው ያዙታል።

ሌላው ጉድለት በመዘውሩ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ክፍተቱን እስኪሞላ ድረስ በከንቱ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑን በድንገት ይገፋዋል። ይህን ለመከላከል ሚዛኑን ሆን ብሎ በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ማድላት ይጠቅማል፤ ጥርሶቹ ሁልጊዜ ተጣብቀው ይቆያሉና። መሪው ቴሌስኮፕ ከዋናው ጋር በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ማሽኑ ሥራውን በትክክል እየሠራ ፎቶግራፉ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ማኬሬሬ እንመለስ። በአውሮፓ ያለ ሰው የማቆሚያውን ዛቢያ በቀላሉ የሚያስተካክለው ወደ ሰሜን ኮከብ በማነጣጠር ነው። በካምፓላ ግን የሰማይ ዋልታዎች ሁለቱም ከአድማስ ጋር የተስተካከሉ ስለሆኑ፣ የሰሜን ኮከብ ከጭጋግ፣ ከዛፍና ከቤት ጀርባ ተሰውሮ ይቀራል። ዛቢያው እንደ ወለል ተጋድሞ መቆም ይገባዋል፤ በገበያ ላይ ከሚገኙት ማቆሚያዎች ብዙዎቹ ይህን ያህል ዝቅ እንዲሉ ሆነው አልተሠሩም። በዚህ ጊዜ ከእግሮቹ አንዱን በእንጨት ከፍ አድርጎ ማዘንበል ግድ ይሆናል።

አቅጣጫውን ለማግኘት የሚያገለግለው የራሱ የኮከቡ መንሸራተት ነው። በሰማይ ወገብ አጠገብ የሚገኝ ኮከብ ከአናት በላይ ሲደርስ ቴሌስኮፑ እንዲከተለው ይደረጋል። ኮከቡ ወደ ደቡብ ቢንሸራተት ዛቢያው ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰሜን ቢንሸራተት ወደ ምዕራብ ዞሯል ማለት ነው። ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ የሚታይ ኮከብ ይመረጣል፤ ይህ ወደ ደቡብ ከሄደ ዛቢያው ከሚገባው በታች፣ ወደ ሰሜን ከሄደ ከሚገባው በላይ ሆኗል። ስሕተቱ አንድ ዲግሪ ቢሆን ኮከቡ በደቂቃ እስከ 16 የቅስት ሰከንድ ያህል፣ አንድ የቅስት ደቂቃ ቢሆን ግን ከሩብ የቅስት ሰከንድ እምብዛም ያልበለጠ ይንሸራተታል። አንዳንድ ሰዎች «መሪው ካሜራ ያርመዋል» በማለት ይህን ድካም ይዘሉታል። መሪው ኮከብ በእርግጥ ባለበት ይቆማል፤ የተቀሩት ከዋክብት ግን በእርሱ ዙሪያ እየዞሩ ትናንሽ ቅስት ይሥላሉ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም እርማት አያስተካክለውም።

የአዲስ አበባ ሰው ከካምፓላው ጥቂት ይሻለዋል። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ከተራራው ግርጌ በቤቱ ደጅ ትንሽ ቴሌስኮፕ የሚተክል ሰው ግን እንጦጦ ራሱ የሰሜንን ኮከብ ሊጋርድበት ይችላል፤ እርሱም እንደ ካምፓላው ሰው የኮከቡን መንሸራተት እየጠበቀ ዛቢያውን ያስተካክላል።