ከጌጫ ቁልቁል፣ ዳክዬ ፍለጋ

ወፍ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ወደ ሸካ ደን ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ሾላው ባፈራ ሰሞን ምንቃሩ ላይ ቀንድ የደረበው ሆርንቢል የክንፉ ድምፅ ከሩቅ እየተሰማ ከዛፍ ዛፍ ይሻገራል። ቱራኮው ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ይገለጣል። ያ ቀይ መዳብ ያለበት፣ የቱራኮ ዘር ብቻ የሚያበጀው ቀለም ነው። መጽሔት የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ፎቶ ነው።

ዳክዬ ፈላጊው ግን አንገቱን ደፍቶ መሄድ አለበት።

ጌጫ የአንድራቻ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ቴፒን ለቆ ወደ ማሻ የሚወጣ መንገደኛ ያገኛታል። ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቡና አገር ስትሆን፣ ሽቅብ ሲወጣ ግን ቡናው ለእንሰትና ለቀርከሃ ቦታ ይለቃል። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ሌንሱን ሲሊካ ጄል ካለበት ሣጥን የማያሳድር ባለሙያ ውሎ አድሮ መስታወቱ ላይ ሻጋታ ያገኛል። ውሃው በሙሉ ወደ ባሮ–አኮቦ ተፋሰስ ይወርዳል። ጠባብ፣ ፈጣን፣ ዛፍ ከላይ የገጠመበት ጅረት ደግሞ የአፍሪካ ጥቁር ዳክዬ ቤት ነው።

ይህች ዳክዬ እንደ ዘመዶቿ በመንጋ አትንሳፈፍም። ከወንዙ አንዱን ክፍል ጥንዶቹ ይዘው ሌላ አያስገቡም፤ ስትደነግጥም ብዙ ጊዜ ወንዙን ተከትላ ዝቅ ብላ ትበራለች። ስለዚህ እያባረሩ ማንሳት ከንቱ ድካም ነው። ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ሳይነጋ መታጠፊያው ላይ ይቀመጥና እሷ ወደ እሱ እስክትመጣ ይጠብቃል።

ከዚያ ወዲያ ፈተናው ብርሃን ነው። ዳክዬዋ ጥቁር፣ ውሃው ጥቁር፣ ጀርባዋ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ደግሞ ፈዛዛ ናቸው። ካሜራው በራሱ ከተተወ ጨለማውን ሁሉ ወደ ግራጫ ይስበውና ነጠብጣቦቹን ያቃጥላቸዋል፤ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሰማይ ላይ ያለ ሆርንቢል ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ ነጩ ጉም ከኋላው ሲሆን ኤክስፖዠሩ ከፍ ካላለ ወፉ የተቆረጠ ጥቁር ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ዛፍ ሥር ጧት አይኤስኦ 3200 ላይ መሥራት ግድ ነው፤ ፎቶው ላይ የሚመጣውን የነጥብ ብጥብጥ (ኖይዝ) መፍራት ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ወደ ገላጣው ረግረግ ሲወጣ ይቀላል፤ ምንቃረ ቢጫዋ ዳክዬ እዚያ ትገኛለች፤ የኢትዮጵያዋ ዝርያ ክንፏ ላይ ያለው መስታወት መሰል ክፋይ ሰማያዊ ነው፤ የደቡብ አፍሪካዋ አረንጓዴ።

ጥቁሯ ዳክዬ ከድንጋይ ሥር የምትለቅመው የውሃ ነፍሳት እጭ ነው። እጩ ደግሞ ኦክስጅን ያለው ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ወደ ቴፒና ሚዛን ተፈሪ ሲወረድ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በለቀማ ወራት ፈሳሻቸውን ወደ ጅረት ሲለቁ ውሃው ይታፈናል፤ በጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ከጣቢያዎቹ በታች ስስ የሆኑት ነፍሳት እንደሚመናመኑ አሳይተዋል። እጩ ከጠፋበት ወንዝ ዳክዬዋን መጠበቅ ሞኝነት ነው። ላይኛው ጫካ ውስጥ ያለው ውሃ ጤነኛ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ የአካባቢው ሰዎች፣ ሸካቾዎች፣ ምንጭና ረግረግን፣ የአምልኮ ደናቸውንም በባህላቸው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ዩኔስኮም የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም. የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዝግቦታል።

አንዳንዱ ፎቶ አንሺ የወፍ ድምፅ በስልኩ እያጫወተ ወፉን ወደ ራሱ ያቀርባል። ወፉን ስለሚረብሽ ተዉ ማለት ይገባል። የሆርንቢል ጎጆ ሥር መቆምም ያው ነው፤ እናቲቱ የዛፉን ሽንቁር በጭቃ አጥብባ እንቁላሏን ስለምትታቀፍ ምግቧ በወንዱ እጅ ነው፤ እሱ ሰው ፈርቶ ከራቀ እሷ ትራባለች።

በየዓመቱ ጥር ላይ በአፍሪካ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ። ቆጠራው ለሐይቅና ለሰፊ ረግረግ የሚመች ነው፤ ጫካ ውስጥ ጅረት ይዘው ያሉ ጥንዶች ግን በመነጽር ከዳር ቆሞ የሚደረስባቸው አይደሉም። ስለዚህ የደበዘዘ የዳክዬ ፎቶ እንኳ ከሚያምር ሆርንቢል የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ከሥሩ የወንዙ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የዳክዬዎቹ ብዛት፣ ውሃው የጠራ ይሁን የቡና ፍሳሽ የሚሸት ከተጻፈበት።