የባሕር ወለል ካርታ አንሺዎቹ ወጣቶች

በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአንድ ዓመት ሥልጠና ይሰጣል። በየዓመቱ የሚቀበለው 6 ያህል ጀማሪ ባለሙያዎችን ብቻ ነው፤ የሚያስተምረውም የውቅያኖስን ወለል መለካትና ካርታውን ማንሳት ነው። ወጪውን የሚችለው የጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽን ነው። አብሮት የቆመው ጌብኮ ደግሞ በ1903 በሞናኮው ልዑል አልበርት ቀዳማዊ አነሳሽነት የተጀመረው የዓለም ውቅያኖሶች የጥልቀት ካርታ ሥራ ነው። ሠልጣኞቹ ክፍል ውስጥ ይማራሉ፣ መርከብ ላይ ወጥተው ይለካሉ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተቋም ሄደው ልምድ ይቀስማሉ።

ሥራው ቀላል አይደለም። ብርሃንም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ ጥልቅ ውሃን ዘልቆ ስለማይሄድ ሁሉም ነገር የሚለካው በድምፅ ነው። ከመርከቡ ሥር የሚለቀቀው ድምፅ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ይወርዳል፣ ወለሉን ነክቶ ይመለሳል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 4,000 ሜትር ጥልቀት ወርዶ ለመመለስ ከ5 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ሲወርድ ግን እየሰፋ ይሄዳል፤ ከላይ ሆኖ የሚለካ መርከብ ያን ያህል ጥልቀት ላይ የእግር ኳስ ሜዳ የሚጠጋ ቦታ በአንዲት ነጥብ ብቻ ይመዘግባል። ተራራው ይታያል፤ የሰመጠ መርከብ ወይም ከወለሉ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ግን ሊያመልጥ ይችላል።

በ2015 መጨረሻ ኤክስፕራይዝ የተባለው ድርጅት ለዚሁ ችግር 7 ሚሊዮን ዶላር ያስያዘ ውድድር አወጀ። በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 4,000 ሜትር ጥልቀት ያለውን ወለል፣ ባሕር ላይ ሰው ሳይኖር፣ ቢያንስ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ለክታችሁ አሳዩ ተባለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የዚሁ ሥልጠና ምሩቃን ቡድን ነበር። ምሩቃኑ በየአገራቸው ተበትነው ሥራ ላይ ነበሩ፤ ኒፖን ፋውንዴሽን ግን ለውድድሩ ገንዘብ መድቦ መልሶ አሰባሰባቸው።

ያቀረቡት መላ ሁለት መሣሪያ ማጣመር ነበር። ሁጊን የተባለው ሰው አልባ ሰርጓጅ ወደ ወለሉ ተጠግቶ ስለሚለካ ድምፁ ሳይሰፋ ይመለስለታል። ነገር ግን የጂፒኤስ ምልክት ውሃ ውስጥ ስለማይገባ ሰርጓጁ የት እንዳለ በራሱ በትክክል አያውቅም። ስለዚህ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ማክስሊመር የተባለች ሰው አልባ ጀልባ ሰርጓጁን ተሸክማ ትወስዳለች፣ ትለቀዋለች፣ ከላይ ሆና ያለበትን ቦታ በድምፅ ትከታተላለች፣ ሲጨርስም መልሳ ታነሳዋለች። በ2018 መጨረሻ በግሪክ ካላማታ አቅራቢያ በተደረገው የመጨረሻ ፈተና 278.9 ካሬ ኪሎ ሜትር ለኩ። ሜይ 31 ቀን 2019 ሞናኮ ላይ የ4 ሚሊዮን ዶላሩ አንደኛ ሽልማት የእነሱ ሆነ፤ ሁለተኛ የወጣው ኩሮሺዮ የተባለው የጃፓን ቡድን ነው።

በእኔ እምነት የዚህ ድጋፍ ትልቁ ብልሃት ስኮላርሽፑ አይደለም። የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ተመራቂውን ግን ሠርተፍኬት አስይዞ ያሰናብተዋል። እዚህ ግን ምሩቃኑ ተፈልገው ተጠሩ፣ ከባድ ሥራ ተሰጣቸው፣ ለሥራውም መሣሪያ ቀረበላቸው። ጀማሪ ተመራማሪ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ማክስሊመርም ለውድድር ብቻ አልቀረችም። በ2022 ቶንጋ ውስጥ የፈነዳውን የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ አፍ ስትለካ፣ መሪዎቿ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እንግሊዝ አገር ተቀምጠው ነበር።

ነገሩ ባሕር በር የሌለንን እኛን ኢትዮጵያውያንንም ይመለከተናል፤ በጅቡቲ በኩል ኢንተርኔት የሚያደርሱልን ገመዶች የተዘረጉት በዚያው የባሕር ወለል ላይ ነው። ኒፖን ፋውንዴሽንና ጌብኮ መላውን ወለል እስከ 2030 ለመለካት በ2017 ዘመቻ ሲጀምሩ በአግባቡ ተለክቶ የነበረው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። በ2025 አጋማሽ 27.3 በመቶ ደርሷል።