ዘውዳቸውን ለስእለት የሰጡ እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በጥምቀት ሰሞን ከኢየሩሳሌም ተራራ ወደ ኢያሪኮ በረሃ የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የተራራው ብርድ እየቀረ አየሩ ይሞቃል፤ መንገዱም ወደ ዮርዳኖስ ያደርሳል። ከወንዙ ራቅ ብሎ የቅድስት ሥላሴ ገዳማችን ይታያል። ብዙዎቻችን በረከታችንን ተቀብለን፣ ጠበሉን በዕቃ ቀድተን እንመለሳለን። «ይህን ቤት ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሠሩት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ስለ ዘውዳቸው የተጻፈው ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን የምናስባቸው እንደ ልጆች እናትና እንደ ቤት እመቤት ነው። ሕይወታቸውን ከዳር እስከ ዳር ያየ ሰው፣ በሄዱበት ሁሉ ለሌላ ሰው ቤት ሲያሰናዱ ያገኛቸዋልና።

እቴጌ መነን በ1883 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ። በዚያ ዘመን የታላቅ ቤት እመቤት መሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። ጓዳው፣ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ፣ የእንግዳው መስተንግዶና የደኻው ምጽዋት ሁሉ የሚጠየቀው ከእመቤቲቱ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ከቀድሞ ትዳራቸው ከወለዷቸው ሌላ ስድስት ልጆች ወለዱ፤ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲጫንላቸው፣ የመጨረሻው ልጃቸው ገና በማኅፀናቸው ነበር። ልዑል ሣህለ ሥላሴ የተወለዱት በዚያው ዓመት በየካቲት ነው። ንግሥናና እናትነት በአንድ ሰውነት ላይ በአንድ ቀን ተገናኙ ማለት ነው።

ዘውድ በጫኑ በአንድ ዓመት ውስጥ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጃገረዶች እዚያው እያደሩ የሚማሩበት ስለ ነበረ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤትም ነበር። ሴት ልጅን ወደ ትምህርት መስደድ እንግዳ በነበረበት ጊዜ፣ «የእቴጌ ቤት ነው» መባሉ ወላጅን ምን ያህል እንዳደፋፈረ መገመት አያዳግትም።

ጠላት ሀገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ ለዓለም ሴቶች በራዲዮ ድምፃቸውን አሰሙ። በሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር የተሰበሰቡት እናቶችም ለዘማቹ ልብስና የቁስል መጠቅለያ ያዘጋጁ ነበር። የቤት ሙያ በዚያ ጊዜ የሀገር ስንቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የስደቱ ወራት መጣ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በጅቡቲ በኩል ወጥተው፣ ሐይፋ ላይ ከመርከብ ወርደው ወደ ኢየሩሳሌም ገቡ። እቴጌ መነን ይህችን ከተማ ቀድሞም በተሳላሚነት ያውቋት ነበር፤ አሁን ግን ሀገር እንደሌለው ስደተኛ ገቡባት። በኋላ ቤተሰቡ በእንግሊዝ ሀገር ባዝ በምትባል ከተማ «ፌርፊልድ» በተባለ ቤት ተቀመጠ። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ካህናትና አገልጋዮች አብረው ኖሩበት። የዚያ አገር ብርድ ለጤናቸው ስላልተስማማ፣ እቴጌይቱ የክረምቱን ጊዜ በኢየሩሳሌም የሚያሳልፉበት ወቅት ነበር። የባዙም ቤት በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ለከተማይቱ አረጋውያን መገልገያ ሆነ። የስደተኞች ቤት የነበረው ለሽማግሌዎች መጦሪያ ተረፈ።

በስደቱ መካከል መርዶ ተከተለ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በጠላት እጅ ተገደሉ፤ ልጃቸው መበለት፣ የልጅ ልጆቻቸውም አባት አልባ ሆኑ። እቴጌይቱ በኢየሩሳሌም፣ በሶርያና በግብፅ የሚገኙትን ቅዱሳት መካናት እየተሳለሙ ስለ ሀገራቸው ይለምኑ ነበር። በቤተ ልሔም በልደት ቤተ ክርስቲያንም ለእመቤታችን ተሳሉ፤ ኢትዮጵያ ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ሊሰጡ።

የስእለትን ነገር እናቶቻችን ያውቁታል። አንዷ ጧፍ፣ አንዷ ጃንጥላ፣ አንዷ የአንገቷን ወርቅ ትሳላለች። የሚሰጠው ነገር ዋጋው እንደ ሰጪው ነው። እቴጌይቱ የተሳሉት በዘውድ በዓላቸው ዕለት በራሳቸው ላይ የተደፋውን ዘውድ ነው። ነጻነት ተመልሶ በ1933 ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው ሲገቡም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ዘውዱ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ለኋለኞቹ እቴጌዎች ምሳሌው ተሠራ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ አልደፉም።

ስእለቱ የሰመረላቸው እናት ግን ከኀዘን አላመለጡም። ልዕልት ዘነበወርቅ ገና ከጦርነቱ በፊት በወጣትነታቸው በትግራይ ዐርፈው ነበር። በስደት ሳሉ በእንግሊዝ ሀገር የነርስነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ፣ ወደ ሀገር በተመለሱ በሁለተኛው ዓመት፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። ልዑል መኰንን በግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ተለዩ። ልጅ ቀብሮ መኖር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ነገሩ በቃል አይገባውም። የደረሰባት እናት ግን በዮርዳኖስ ደጃፍ ቆማ የእኚህን እናት ስም ብትሰማ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ። ዘውድ በጫኑበት ቀን በማኅፀናቸው የነበሩት ልዑል ሣህለ ሥላሴም ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆይተው ተከተሏቸው። ዐፅማቸው ያረፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። በዮርዳኖስ የሠሩት ቤትም የተሰየመው በዚያው በቅድስት ሥላሴ ስም ነው።

ያ የዮርዳኖስ ቤት ደግሞ የራሱ ስደት ደረሰበት። ከ1959 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ አካባቢው የጦር ቀጠና ሆነ፤ ፈንጂ ተቀበረበት፤ ደጁም ተዘጋ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ገደማ ግቢው ከፈንጂ ጸዳ። ለተሳላሚ ማረፊያ የተሠራ ቤት፣ የሰው እግር ሳይረግጠው ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ ያሳዝናል። ሳይፈርስ መጠበቁ ግን እግዚአብሔርን ያስመሰግናል።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ወደ ዮርዳኖስ ስትወርዱ በዚህ ቤት ፊት ጥቂት ቁሙ። የሠሩትን እናት በጸሎት አስቡ። ከእርሳቸውም ጋር የየራሳችሁን እናት በክርስትና ስማቸው አስቡ፤ ሌሊት ተነሥተው ያቦኩትን፣ እንግዳ ሳያበሉ ያልተኙትን፣ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ተመኝተው ሳይደርሱ ያለፉትንም። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉና ድምፃቸውን ስሙ። ቤት የሠራልን ሰው ስሙ ሲረሳ ቤቱ ድንጋይ ብቻ ይሆናል፤ ስሙ ሲጠራ ግን ደጁ እንደ ተከፈተ ይኖራል።

አምላከ አብርሃም ወይስሐቅ ወያዕቆብ የእቴጌ መነንንና ያለፉትን እናቶቻችንን ሁሉ ነፍስ በደጋጎች አባቶችና እናቶች ዕቅፍ ያኑርልን። ያላችሁትንም በሰላም መልሶ ወደየቤታችሁ ያግባችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።