«ቤቴ ውሰዱኝ»

እንፍራንዝ ውስጥ፣ አፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ብዙ ሳይርቅ የሚኖሩ አንዲት የ80 ዓመት እናት እናስብ። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ቤቴ ውሰዱኝ፤ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ። ምሳ መብላታቸውን ረስተዋል። ድሮ በስሙኒ ምን ምን ይገዛ እንደነበር ግን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ጎረቤት «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል።

እርጅና ብቻውን እዚህ አያደርስም፤ ይህ የመርሳት በሽታ ነው። በብዛት የሚታየው አልዛይመር ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። አዲስ ነገር የሚመዘገበው በእሱ በኩል ስለሆነ የዛሬው ምሳ ሳይጻፍ ይቀራል። የልጅነቱ ግን ስንት ዓመት ሲነሣና ሲወራ ኖሮ በአንጎል ቅርፊት ላይ ሥር ሰዷል፤ ኋላ እሱም መደብዘዙ ባይቀር፣ ቶሎ አይለቅም። ፈረንሳዊው ቴዎዱል ሪቦ አዲሱ ቀድሞ፣ አሮጌው ዘግይቶ እንደሚጠፋ እ.ኤ.አ. በ1881 ጽፏል። ጤነኛ አረጋውያንም ቢሆኑ ጨዋታቸው የሚያዘነብለው ከ10 እስከ 30 ዓመት ወዳለው ዕድሜያቸው ነው።

እኛ ለትዝታ ቅኝት አውጥተንለታል። አውሮፓ ግን መጀመሪያ በሽታ ነው ያለችው፤ እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሃንስ ሆፈር የአገር ናፍቆትን «ኖስታልጂያ» ብሎ የሰየመው ለሕክምና መመረቂያ ጽሑፉ ነበር። ዛሬ በተቃራኒው የድሮ ፎቶና ዕቃ እያሳዩ ታማሚዎችን ማጫወት እንደ እንክብካቤ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2018 22 ጥናቶችን ያገናዘበ ግምገማ ግን ጥቅሙ ትንሽና ከቦታ ቦታ የሚለያይ ሆኖ አግኝቶታል። በሽታውን አያድንም ማለት ነው።

ቡና ይቆላላቸው የሚል አይጠፋም። ደግ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም አልዛይመር የማሽተት ኃይልን ገና በጠዋቱ ያዳክማል፤ ጭሱ ላይደርሳቸው ይችላል። የሙቀጫው ድምፅ ይደርሳቸው ይሆናል። የለመዱት ዜማም እንዲሁ፦ የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት የጥምቀት ጭፈራ ሲነሣ ሊቀበሉ ይችላሉ።

«እናትዎ እኮ ከሞቱ ቆዩ» ማለት ግን፣ ለእኛ የቆየ ወሬ ነው፤ ለእሳቸው አዲስ መርዶ። ነገ ደግሞ ይረሱትና እንደገና ይረዳሉ። ይልቅ «ምን እየሠሩ ነው የሚጠብቁዎት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

«ጥጥ እየፈተለች» ይሉ ይሆናል። የእጅ ሙያ የሚቀመጠው ከሂፖካምፐስ ውጭ ነውና፣ እንዝርት ቢያቀብሏቸው ጣታቸው ማሾር ይጀምር ይሆናል።