በባትሪ የሚሠራ የጀርባ መርጫ፦ የሽቦ አያያዝና የብልሽት አፈላለግ

በገረሴና በዙሪያዋ ባለው የጋሞ ደጋ ድንች ከእንሰትና ከገብስ ጋር የቤተሰብ ቀለብ ነው። ደጋው በበልግም ሆነ በክረምት ዝናብና ጉም ስለሚበዛበት ሌት ብላይት ለሚባለው የድንች ምች በሽታ የተመቸ ነው። ይኸው በሽታ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ የድንች ሰብሉን በማጥፋቱ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አልቋል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ከቆየ መከላከያ ያልተደረገለትን ማሳ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሊያደርቅ ይችላል።

በሽታን የሚቋቋም ዝርያ መትከል የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ይሁን እንጂ የዝርያው የመቋቋም ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት ሊደክም ስለሚችል ርጭት ጨርሶ አይቀርም። ማንኮዜብን የመሰለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት የሚሠራው በሽታው ከመግባቱ በፊት ቅጠሉን ሲሸፍን ነው። ከገባ በኋላ አያድንም። ስለሆነም የመርጫው ደኅንነት የሰብሉ ደኅንነት ነው ማለት ይቻላል።

ባለ ባትሪ የጀርባ መርጫ ጨርሶ ሲቆም ገበሬው ወዲያውኑ ያውቃል፤ አስጠግኖ ወይም ተውሶ ሥራውን ይቀጥላል። የባሰው ጉዳት የሚመጣው ፓምፑ እየዞረ አቅሙ ሲቀንስ ነው። መድኃኒቱ ሲወጣ ስለሚታይ ማሳው የተረጨ ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን በቂ መጠን አላገኘም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ገበሬውና የልማት ሠራተኛው ሁለቱንም ዓይነት ብልሽት በቀላል መሣሪያ ለይተው እንዲያውቁ ነው።

1. የመሣሪያው አሠራር

በብዛት የሚገኘው መርጫ 16 ወይም 20 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ ከታንኩ ሥር ባለ 12 ቮልት ባትሪና አንድ ትንሽ ፓምፕ አለው። ባትሪው ብዙውን ጊዜ 8 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው። በፓምፑ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ጎማ ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ ፈሳሹን ከታንኩ ስቦ በቱቦው ወደ አፈሙዙ ይገፋል።

በፓምፑ ራስ ላይ የግፊት ማጥፊያ አለ። ገበሬው እጀታውን ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ማጥፊያውም ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ሞተሩን ያቆማል። እጀታው ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና ሞተሩ እንደገና ይነሳል።

በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ውሃና ሜታኖል ወደ ሞተሩ የሚረጨው መሣሪያም በባትሪ፣ በፊውዝ፣ በፓምፕና በአፈሙዝ የሚሠራ በመሆኑ የብልሽት አፈላለጉ ተመሳሳይ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሠራተኛም ይህን መርጫ በቀላሉ ሊጠግን ይችላል። ሆኖም ሜታኖል መርዝና በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለሆነ በጀርባ መርጫ ውስጥ ከቶ መግባት የለበትም።

2. የሽቦው አዘረጋግ

ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ቀይ ሽቦ መጀመሪያ ወደ ፊውዝ ይገባል። ፊውዙ ለባትሪው በጣም ቅርብ መሆን አለበት። ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ቢላጥና ቢነካካ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ለ. ከፊውዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያም ወደ ግፊት ማጥፊያው፣ በመጨረሻም ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ሐ. ከሞተሩ የሚወጣው ጥቁር ሽቦ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል።

ፊውዝ ሲቃጠል በላዩ የተጻፈውን ያህል አምፔር ባለው ሌላ ፊውዝ መተካት ይገባል። በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር ማገናኘት ባትሪውንና ሞተሩን ማቃጠል ነው።

የተቆረጠ ሽቦ ሲቀጠል ጫፎቹ ተፍቀው ከጸዱ በኋላ ተጠማዝዘው በስታኞ ይበየዱ፤ ከዚያም በናስትሮ በደንብ ይሸፈኑ። ተጠማዝዞ ብቻ የተተወ መገጣጠሚያ መድኃኒት ሲነካው አረንጓዴ ዝገት ይይዝና ኤሌክትሪኩን ያዳክማል።

3. ከጥገና በፊት መደረግ ያለበት

ታንኩ ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ ይታጠብ። እጣቢው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ እንጂ ወንዝ ወይም ምንጭ ዳር አይደፋ። ከደጋው የሚወርደው ውሃ ከታች ለሚኖረው ሰውና ከብት መጠጥ ነው። ጓንት ይደረግ። የተደፈነ አፈሙዝ በአፍ መንፋት መርዝ መቅመስ ስለሆነ ፈጽሞ ክልክል ነው። በመርፌ ወይም በሽቦ መውጋትም ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በሳር አገዳ ማጽዳት ይበቃል።

4. ሞተሩ ጨርሶ ሳይዞር ሲቀር

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁለት ሽቦ የተበየደበት ባለ 12 ቮልት የመኪና የኋላ መብራት አምፖል ነው። ማብሪያው ይብራ፤ ግፊቱ እንዲወጣም እጀታው ይከፈት። የአምፖሉ አንደኛው ሽቦ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሆኖ በሌላው ሽቦ ከባትሪው ጀምሮ በተራ እየነኩ መሄድ ነው።

ሀ. በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አምፖሉ ካልበራ ወይም ከደበዘዘ ባትሪው ባዶ ነው።

ለ. ከፊውዙ በፊት በርቶ ከፊውዙ በኋላ ካልበራ ፊውዙ ተቃጥሏል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦ ተነካክቷል ወይም ሞተሩ ተጣብቋል፤ ምክንያቱ ሳይገኝ ሌላ ፊውዝ አይግባ።

ሐ. ከማብሪያው በፊት በርቶ ከማብሪያው በኋላ ካልበራ ማብሪያው ተበላሽቷል።

መ. ወደ ግፊት ማጥፊያው ሲገባ በርቶ ሲወጣ ካልበራ ማጥፊያው ዝጓል ወይም ተጣብቋል። እርሱን ዘሎ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት አይገባም። እጀታው ሲዘጋ ሞተሩ ስለማይቆም ቱቦው ሊፈነዳና መድኃኒቱ በሰው ላይ ሊረጭ ይችላል።

ሠ. እስከ ሞተሩ ፖዘቲቭ ድረስ ከበራ የአምፖሉ ሁለት ሽቦዎች በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ ይደረጉ። አሁን ካልበራ ጥቁሩ ሽቦ ተቆርጧል። ከበራና ሞተሩ ካልዞረ ግን የሞተሩ ካርቦን አልቋል ወይም በፓምፑ ውስጥ የደረቀ መድኃኒት ይዞታል።

5. ሞተሩ እየዞረ ርጭቱ ሲደክም

መጀመሪያ ማጣሪያዎቹና አፈሙዙ ይጽዱ። ማንኮዜብ ዱቄት በመሆኑ በደንብ ሳይበጠበጥ ከገባ ማጣሪያውን ይደፍናል። ቀጥሎ ፓምፑ ከታንኩ የሚስብበት ቱቦ ይታይ፤ ከተሰነጠቀ አየር ስለሚስብ ርጭቱ ይቆራረጣል። እጀታው ተከፍቶ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየቆመ የሚነሳ ከሆነ ከፓምፑ በኋላ የተደፈነ ነገር አለ። እጀታው ተዘግቶ እያለ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ከፓምፑ በኋላ ፈሳሽ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጉድለቱ ከኤሌክትሪኩ ነው። ቴስተር የሚገኝ ከሆነ ሞተሩ እየዞረ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም ሞተሩ ላይ ይለካ። ለምሳሌ ባትሪው ላይ 12.2 ቮልት፣ ሞተሩ ላይ 10 ቮልት ከተገኘ 2.2 ቮልት በመንገድ ቀርቷል። ምክንያቱ የዛገ መገጣጠሚያ ወይም የላላ ጫፍ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሲነካ ይሞቃል። ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ፓምፑ ሲነሳ ብዙም ሳይቆይ ከ10.5 ቮልት በታች ከወረደ ግን ባትሪው አርጅቷል።

6. የአንድ ደቂቃ ፈተና

ቴስተር የሌለው ገበሬ የመርጫውን አቅም በጆግና በሰዓት ማወቅ ይችላል። መርጫው አዲስ ሳለ በንጹህ ውሃ ተሞልቶ በአንድ ደቂቃ የሚወጣው ይለካና በታንኩ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በየርጭቱ ዋዜማ ይኸው ይደገም። ለምሳሌ መጀመሪያ 1.2 ሊትር ይወጣ ከነበረና አሁን 0.8 ሊትር ብቻ ከወጣ፣ ገበሬው በቀድሞ እርምጃው ሲሄድ ማሳው የሚያገኘው ከመድኃኒቱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከአሥር አንድ ከበለጠ ጉድለቱ ሳይገኝ መርጨት አይገባም። መድኃኒቱን በማወፈር ለማካካስ መሞከርም ስህተት ነው። ከአሥር አንድ በላይ ጨምሮ ከተገኘ የአፈሙዙ ቀዳዳ ሰፍቷልና ይለወጥ።

7. የባትሪው አያያዝ

የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ይሞታል። ስለሆነም ከርጭት እንደተመለሱ በዚያው ቀን ቻርጅ ይደረግ፤ የርጭት ወቅት ካለፈም በኋላ በየሁለት ወሩ ይሞላ። መብራት በሚጠፋበት ቦታ በፀሐይ ኃይል መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ባለ 12 ቮልት የሚባለው የፀሐይ ሰሌዳ ምንም ሳይያያዝበት እስከ 21 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በመካከሉ የቻርጅ መቆጣጠሪያ ሳይኖር ከባትሪው ጋር መገናኘት የለበትም።

በአጠቃላይ፣ ጉም ሲወርድ መርጫ መጠገን ለድንቹ የዘገየ ሥራ ነው። የልማት ሠራተኞች ከዝናቡ መግቢያ በፊት የየቀበሌውን መርጫዎች አሰባስበው የአንድ ደቂቃውን ፈተና ከገበሬዎቹ ጋር እንዲያደርጉ እንመክራለን። ለዚህም አንድ አምፖል፣ አንድ ጆግና አንድ ሰዓት ይበቃሉ።